የቅዳሜ ስንቅ

አያ ክንዴ የሲስተሮችን ትምህርት ቤት በር አልፈው ሲገቡ ያየኋቸው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀንም ጫማቸውን በሩ ላይ አውልቀው ነው የገቡት። ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩና ጫማው ጠቧቸው መስሎኝ ነበር።

ቤታችን ከዚያ በር ፊት ለፊት ነው። ደባርቅ ላይ ትርፍ ክፍል ያለው ሰው ሁሉ ለገጠር ተማሪ ያከራያል፤ እናቴ ዘቢደርም ጓሮ ያለችውን ጠባብ ክፍል ለየትናየት አከራይታት ነበር። የትናየት የአያ ክንዴ ልጅ ናት፤ ከጃናሞራ የመጣች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። ሰው ሁሉ ሲሲ ሲለኝ እሷ «አንቺ ጆሮ» ነበር የምትለኝ፤ የትልልቅ ሰው ወሬ አልጠግብም ነበርና። ስታጠና ጓሮውን እየዞረች፣ ጮክ ብላ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ባዮሎጂ በግድ ይማር ነበር። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ጣቷን ወግተው የገዛ ደሟን በማይክሮስኮፕ አሳይተዋት፣ ከዚያ ወዲያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ከመሆን በቀር ሌላ ነገር አልታያት አለ።

የገጠር ልጅ ከተማ ላይ የሚኖረው በስንቅ ነው። ቅዳሜ ገበያ ሲሆን ወላጅ የሳምንቱን ተሸክሞ ይመጣል፤ ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ቤት ከሞላም ትንሽ ቅቤ። አያ ክንዴ ቅዳሜን ስተው አያውቁም። ጆንያውን ጓሮ ያወርዳሉ፣ የልጃቸውን ግንባር ይስማሉ፣ ከዚያ መንገዱን ተሻግረው የትምህርት ቤቱን ግቢ ከበሩ ውጭ ቆመው ያያሉ። አይገቡም። የንስሐ አባታቸው ልጅቱ ትማር፣ አንተ ግን ከካቶሊክ ግቢ እግርህን እንዳታስገባ ብለዋቸዋል። ትምህርት ቤቱን የመረጡት ግን ራሳቸው ናቸው፤ ሲስተሮች ጋ ሴት ልጅ ትከበራለች ሲባል ሰምተው ነው። እናቴ «አያ ክንዴ፣ በሩ እኮ አይበላዎትም» እያለች ትቀልድባቸዋለች። እሳቸውም ፈገግ ብለው ከቆሙበት አይነቃነቁም።

መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ ተባለና ትምህርት ተዘጋ። የትናየት ለሁለት ሳምንት ነው ብላ ሰማያዊ ሹራቧን ከክፍሏ ምስማር ላይ ሰቅላ ሄደች። «ሹራቤን ማንም እንዳይለብስብኝ» ብላ አስጠነቀቀች። ማንም ማለት እኔ ነበርኩ።

የከተማው ልጆች በቴሌግራም ይማሩ ተባለ። የገጠሮቹ ግን ኔትወርክ የላቸውም፤ ያለውም ዛፍ ላይ ወጥቶ ነው። ርዕሰ መምህሯ ሲስተር ኪዳነ ማርያም ቁጡ ሴት ነበሩ፤ ቁጣቸው ደግሞ ሥራ ያሠራል። ደባርቅ ላይ ሰው ዘፈን የሚገዛው እንዴት ነው? የስልኩን ሜሞሪ ካርድ አውልቆ ለሙዚቃ ቤት ይሰጣል፣ ይሞላለታል፣ ይዞ ይሄዳል። ሲስተርም ይህንኑ ያዙ። መምህራኑ ሁሉ ትምህርታቸውን በድምፅ ቀዱ፤ ገበያ የሚመጣ ወላጅ ካርዱን ያመጣል፣ ይታያል የሚባለው የኮምፒውተር መምህር ይሞላበታል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመለሳል። ያ ወሰነ ትምህርት በጆሮ ማለቅ አለበት አሉ።

ከዚህ ሁሉ እኛን ልጆቹን የሚያስቀን የሲስተር ስም ጥሪ ነበር። ባዶ ክፍል ውስጥ ስልኩን ከጠመኔ ሣጥን ጋር አስደግፈው ይቀመጡና፣ ገና «እንደምን አደራችሁ» እንዳሉ ስም ይጠራሉ። አንዱን ስም ከነአባቱ ጠርተው አቤት የሚባልበትን ያህል ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ሌላውን። እኛ ከመስኮቱ ሥር አፋችንን ይዘን እንንከተከታለን። መምህር ይታያል ሳይቀር ዝምታው የካርዱን ቦታ ይበላል ብሎ ሊያስተዋቸው ሞክሮ ነበር። ሲስተር ግን ስሙ ያልተጠራ ልጅ ተማሪ መሆኑን ይረሳዋል ብለው እምቢ አሉ።

አያ ክንዴ ስለማይገቡ ካርዱን የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። በሩ ላይ እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ ካርዱን በመዳፌ ጨብጬ ግቢውን በሩጫ አቋርጣለሁ። መጀመሪያ ቀን ካርዱን ከመስጠታቸው በፊት የእምነታቸው ነገር ይኖርበት እንደሆነ ጠየቁኝ። የለበትም፣ ባዮሎጂና ሒሳብ ነው አልኳቸው። አስሞልቼ ስመልስላቸው በላስቲክ ጠቅልለው ከባርኔጣቸው እጥፋት ውስጥ ከተቱት።

«ጊዜው ተገለበጠ» አሉ። «ስንቅ ከከተማ ወደ ገጠር ሆነ።»

ከዚያ ወዲያ ካርዱን ስንቅ ነበር የምንለው። «ስንቁን አምጪልኝ» ይሉኛል፤ እኔም ትልቅ ሥራ እንደያዘ ሰው ኮራ ብዬ እሮጣለሁ።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው ቅዳሜ አያ ክንዴ ከካርዱ ሌላ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ከእናቴ ጋር ጓዳ ገቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት ጀመሩ። እኔም እንደ ስሜ ጆሮ ሆኜ ከመጋረጃው ኋላ ተቀመጥኩ። እናቴ ትንሽ ነው እኮ የቀራት፣ ኮሮናው ያልፋል እያለች ትለምናለች።

«እቴ ዘቢደር፣ የዘመነን ልጅ ወሰዷት» አሉ በመጨረሻ። «ውሃ ልትቀዳ በወረደችበት ነው የወሰዷት። ትምህርት ቤት ሳለች ማን ይነካት ነበር? አሁን የኔዋም ቤት ተቀምጣ ሰው ሁሉ ያያታል። ከሚወስዷት በእጄ ባደርገው አይሻልም?»

ያን ሰሞን ወሰዱት ሲባል አንድ ነገር ብቻ ነበር የማውቀው። ነጭ ልብስ የለበሱ የጤና ሰዎች በመኪና መጥተው ሰውን ለይቶ ማቆያ ይወስዳሉ። የዘመነ ልጅ ኮሮና ይዟት ተወሰደች ብዬ አዘንኩላት፤ አያ ክንዴም የትናየት እንዳትያዝባቸው አንድ መላ ያገኙ መሰለኝ። ከዚያ ደግሞ ያስተምሯታል፣ ፈተናዋንም ትፈተናለች፣ ቃል ሰጥተውኛል ሲሉ ሰማሁ። ሲስተሮቹን ማለታቸው ነው ብዬ ደስ አለኝ።

እናቴ ጠራችኝ። ጥቅልሉ ተፈቶ ነጭ ቀሚስ፣ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ። ለየትናየት ነው፣ ልኳን አላውቀውም፣ አንቺ ልበሽውና እንየው ተባልኩ። ቁመቴ ያኔ ትከሻዋ ጋ ይደርስ ነበር። እናቴ አልብሳኝ፣ ከእግሬ በታች አንድ ስንዝር ጨምራ እየለካች መርፌ ትሰካለች። እጇ ሻካራና ችኩል ነበር፤ ሁለት ጊዜ ወጋችኝ፤ ቀና ስትል ዓይኗ ቀልቷል። ለእኔ እንዲህ ያለ ቀሚስ ባለመግዛቷ ያዘነች መስሎኝ «እኔ አልፈልግም እማዬ» አልኳት። አያ ክንዴ ዞር ይበሉ ሳይባሉ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

እኔ ስለ ቀሚሱ ጥርጣሬ አልነበረኝም። ሲስተሮች ጋ አሥራ ሁለተኛን የሚጨርሱ ሴቶች በመዝጊያው ቀን ነጭ ለብሰው፣ ሻማ ይዘው ይሰለፋሉ፤ በየዓመቱ ከበራችን ሆኜ አያቸዋለሁ። ለዚያ ነው ብዬ በቀሚሱ ጓሮውን አንድ ጊዜ ዞርኩበት፤ የትናየት ስታጠና እንደምትዞረው።

ሠርጉ በሳምንቱ ነበር። ሰው እንዳይሰበሰብ ተከልክሏልና ያለ ጭፈራ፣ ያለ ዳስ፣ ማለዳ ወስደዋት ሄዱ። ባልየው ከሊማሊሞ በታች፣ አዲ አርቃይ አጠገብ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ልጅ ነው። የትናየት የለበሰችው እኔ የለካሁላትን ቀሚስ ነው። ይህን የሰማሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ እናቴን ለምን አልነገርሽኝም ብላት «ምን ብዬ?» አለችኝ፤ እኔም እስከ ዛሬ ምን ብላ ልትነግረኝ ትችል እንደነበር አላውቅም።

ክረምቱ ገባ፤ አያ ክንዴ ግን ቅዳሜን አልተዉም። የልጃቸውን ሣጥንና አንሶላ ወስደዋል፤ ሹራቡን ግን ይቀመጥ አሉ። እናቴም ክፍሏን ለሌላ አላከራየችም። በዝናብ በስብሰው፣ በጭቃ እስከ ጉልበታቸው ተለውሰው ይመጣሉ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከእጥፋቱ ካርዱን ያወጣሉ፤ ካርዱ ደረቅ ነው። የትናየት እንዴት ናት ስላቸው ደህና ናት ይላሉ። ትሰማለች? ስላቸው ከፊቴ ዞር ብለው «ይሰማል» ይላሉ። ይሰማል አሉ እንጂ ትሰማለች አላሉኝም፤ ልጅ ሆኜ እንዲህ ያለውን ልብ አልልም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ዝናቡ እስኪያባራ ከታዛችን ሥር ተቀምጠን ሳለ ልብ አራት ክፍል አለው ይባላል፣ እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ስድስተኛ ክፍል እዚያ አልደረስንም አልኳቸው።

«አለው» አሉ፤ መዳፋቸውን ከእርጥቡ ጋቢ ላይ ደረታቸው ላይ አኖሩ። «ሁለቱ ይቀበላሉ፤ ሁለቱ ይሰድዳሉ።»

እየሮጥኩ ሄጄ የትናየት አባቷን እያስተማረች ነው ብዬ ለእናቴ አበሰርኳት። እናቴም ደስ አላት፤ ቃላቸውን ጠብቀውላታል ማለት ነው ብላ ለራሷ ስታወራ ሰማኋት። እሷም እንደኔ ካርዱ የትናየት እጅ የሚደርስ ይመስላት ነበር።

በዚያው ሰሞን አያ ክንዴ ሌላ ነገር ጠየቁኝ።

«እማሆይ ስም ጠርተው ዝም የሚሉት ምን ሆነው ነው? ስልኩ እየቆመ መስሎኝ ስጠፈጥፈው ከረምሁ።»

«አቤት እንዲባል ነው» አልኳቸው።

«እሳቸው እኮ አይሰሙም።»

«ባይሰሙም ይባላል።»

ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ እያዩ «ባይሰሙም ይባላል» ብለው ደገሙት።

በጥቅምት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ብቻ ተመልሰው የተቋረጠውን ወሰነ ትምህርት እንዲጨርሱ ተፈቀደ። እናቴ ሹራቡን አጠበችው፤ እኔ ክፍሏን ጠረግኩ። ልጆቹ በማስክ አፋቸውን ሸፍነው፣ ተራርቀው ተቀመጡ፤ ቅዳሜም ሳይቀር ይማራሉ። የመጀመሪያው ሳምንት አለፈ፤ የትናየት አልመጣችም። ለፈተና ያልተመዘገበ ስሙ ይሰረዛል የሚል ወሬ በከተማው ይወራል፤ እኔም ጧት ጧት መንገዱን ሳይ እውላለሁ።

ቅዳሜ ጧት አያ ክንዴ መጡ። በትከሻቸው ሙሉ ጆንያ ተሸክመዋል። ከመጋቢት ወዲህ ስንቅ ሲያመጡ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ስንቁ ከመጣ ባለስንቋ መጣች ማለት ነው። ሮጬ ከኋላቸው አየሁ፤ ማንም የለም። በኋላ መኪና ትመጣለች ብዬ አሰብኩ። ጆንያውን ከበራችን አስቀመጡ። መንገዱን ተሻገሩ። በሩ ጋ ሲደርሱ እንደ ወትሮው ቆሙ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው የላስቲክ ጫማቸውን አወለቁ፣ ጎን ለጎን አሳምረው አስቀመጡትና ገቡ። ዛሬ ሳስበው፣ የእግዚአብሔር ቤት ከሆነ ብለው መሆን አለበት። እኔ ግን ጫማው ጠቧቸው መስሎኝ አንሥቼ ተከተልኳቸው።

ከክፍሉ መስኮት ሥር ሲደርሱ ሲስተር ስም እየጠሩ ነበር። መስኮቱ ለኮሮናው ሲባል ተከፍቷል። አያ ክንዴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ስሞቹን በቃላቸው ነበር የሚያውቋቸው፤ ከንፈራቸው ከሲስተር ቀድሞ ሲንቀሳቀስ አየሁት። እስከዳር ይታይ። አቤት። ያርጋል ደርበው። አቤት።

«የትናየት ክንዴ።»

ሲስተር ዝም አሉ፤ እንደ ቀረጻው።

«አቤት» አሉ አያ ክንዴ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ፤ አያ ክንዴ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሚቀልዱት ብዬ። ሲስተር ሳቁን በእጃቸው ዝም አሰኝተው ወጡ። ከደረጃው ላይ ሆነው የአያ ክንዴን ባዶ እግር አዩ፣ እኔ የያዝኩትን ጫማ አዩ። የትናየት የት እንዳለች ጠየቁ። አያ ክንዴ ከመሬት ዓይናቸውን አላነሡም።

«አልሰጡኝም» አሉ። «ለፈተናው ትሂድልኝ ብዬ ሄጄ ነበር። አልሰጡኝም።»

«ልጅቱን ያምጡልኝ አባቴ። ማንም ቢሆን ይምጣ፣ እኔ አናግራለሁ።»

«ወደ ወላድነት ነው አሉኝ እማሆይ። ወዲያ አልፏል።» ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨመቁት። «አንድ ነገር ብቻ። ስሟን አይሰርዙብኝ። እርስዎ ሲጠሩ እኔ እመጣለሁ።»

ሲስተር ኪዳነ ማርያም ቁጡ ሴት ነበሩ ብያለሁ። ያን ቀን ግን የሚቆጡትን ሰው አላገኙም። ወደ ክፍሉ ተመለሱና ካቆሙበት ስም ቀጠሉ። አያ ክንዴ ጥሪው እስኪያልቅ መስኮቱ ሥር ቆመው ሰሙ። ስንቁን እኛ ጋ ትተውት ሄዱ፤ እናቴ ለልጆቹ አከፋፈለችው እንጂ ከእሱ አንድ ፍሬ ቆሎ አልቀመሰችም።

አልሰጡኝም ያሉትን እኔ በራሴ መንገድ ተረጎምኩት። የጤና ሰዎቹ ናቸው፤ እንደ ዘመነ ልጅ ወስደዋት ነው፤ ለይቶ ማቆያ የገባ ሰው ግን በአሥራ አራተኛው ቀን ይወጣል። ወደ ወላድነት ያሉት የሐኪም ቃል ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ሹራቡን በየሳምንቱ አራግፌ እሰቅለው ነበር። ሲስተርም ስሟን መጥራት አላቆሙም፤ ከመስኮቱ ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ። ጠርተው ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ያልፋሉ። ጥቅምት ሳያልቅ ጦርነቱ መጣና መንገዱ ወታደር ብቻ ሆነ። አያ ክንዴም ቀሩ። ወሰነ ትምህርቱ እንደ ምንም አለቀ፤ ሲስተርን ማኅበራቸው ወደ ሌላ አገር አዛወራቸው፤ በዚያ ዓመት ነጭ ለብሶ ሻማ ይዞ የተሰለፈ ሰው አልነበረም።

አያ ክንዴ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። እኔ ያኔ የትናየት ከነበረችበት ዕድሜ አልፌያለሁ። ትምህርት ቤቱም ከዚያ ወዲህ ከተከፈተበት የተዘጋበት ጊዜ ይበልጣል፤ አሁን የሚዘጋው በሌላ ምክንያት ነው፤ ስም የሚጠራበት ስልክም የለም።

ባለፈው ሚያዝያ መንገዱ ተከፍቶ በነበረበት ሰሞን መናኸሪያ ሰው ልሸኝ ሄጄ፣ ከአዲ አርቃዩ መኪና አጠገብ አንዲት ሴት አንዱን አዝላ ሌላውን በእጇ ይዛ አየችኝ።

«አንቺ ጆሮ» አለች።

በድምፅዋ ባይሆን አላውቃትም ነበር። እናቴን ጠየቀችኝ። ክፍሏ መከራየት አለመከራየቷን ጠየቀች። ከዚያ «ሹራቤስ?» አለች። እናቴ ለአንዲት የጃናሞራ ልጅ እንደሰጠችው ስነግራት ደግ አደረገች አለች። አባቷ መስኮቱ ሥር ቆመው አቤት ማለታቸውን ነገርኳት። ይህን አታውቅም ነበር፤ ፈገግ አለችና ፈገግታው ፊቷ ላይ ቀረ። እኔ ደግሞ ያን ክረምት ካርዱን ታዳምጪው ነበር ወይ አልኳት።

«የምን ካርድ?»

ስለ ካርዱ ነገርኳት። በየቅዳሜው ዝናብ ይምታቸው ፀሐይ መምጣታቸውን፣ ባርኔጣቸውን፣ ልብ አራት ክፍል አለው ማለታቸውን። የትናየት ልጁን ከጀርባዋ ወደ ጎን አዞረችው።

«አባቴ አንድ ቀን ስልክ ይዞ መጥቶ ነበር» አለች። «አማቴ ሚስት እንጂ ተማሪ አላመጣንም ብላ ከደጅ መለሰችው። ለምን እንደመጣ ለእኔ የነገረኝ የለም።» ከዚያ «ሲስተር ስሜን ይጠሩ ነበር?» አለች።

«በየትምህርቱ።»

«ከሄድሁም በኋላ?»

«እስከ መጨረሻው።»

ረዳቱ ግቡ፣ ግቡ እያለ የመኪናውን ቆርቆሮ ይደበድባል። የትናየት መንገዱን፣ ወደ ሊማሊሞ የሚወርደውን፣ እያየች ነበር የምታወራው።

«ያን ክረምት ልብሴን ጠቅልዬ ነበር» አለች። «አቀበቱን በእግሬ ወጥቼ ልመጣ። ሲስተር ጋ ብደርስ ማን ያወጣኝ ነበር? ከዚያ ትምህርቱ ካለቀ፣ ስሜም ከተረሳ፣ ማን ይጠብቀኛል ብዬ መልሼ ፈታሁት።»

ትልቁን ልጅ አስቀድማ ወደ መኪናው ገባች።